ጳውሎስ ከአንጾኪያ ተነሥቶ እንዴት አንጾኪያ ገባ?

ስለ ከተሞች ስም መመሳሰል የተዘጋጀ ጥናት



የዚህ ወር ጥናታችን የተነሣው ከአንዲት እህታችን ጥያቄ ነው። እሑድ ወጥታ ከእኛ ጋር የመሰብሰብ ዕድል የላትም፤ ማታ ዕቃ አጥባ፣ ኩሽናውን ወልውላ ከጨረሰች በኋላ ነው መጽሐፍ ቅዱሷን የምትገልጠው። በስልክ እንዲህ ብላ ጠየቀችን፦ «የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13ን ሳነብ ግራ ገባኝ። መጀመሪያ ላይ ጳውሎስና በርናባስ አንጾኪያ ናቸው። ከዚያ ተልከው በመርከብ ሄዱ፣ ቆጵሮስን አቋረጡ፣ እንደገና ባሕር ተሻገሩ። ቁጥር 14 ላይ ስደርስ ግን አንጾኪያ ገቡ ይላል። ያን ሁሉ መንገድ ደክመው ተመልሰው መጡ ማለት ነው? ወይስ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው?»

ጥያቄዋ በጣም ደስ አሰኝቶናል፤ ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ ደጋግመን አንብበን ምንም ሳይታወቀን አልፈነዋልና። የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ሐዋርያቱም አልተመለሱም። አንጾኪያ የሚባሉ ሁለት ከተሞች ናቸው። ሉቃስ ይህን ስለሚያውቅ ሁለተኛይቱን «የጲስድያ» ብሎ ለይቷታል። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ቁጥር 1ንና ቁጥር 14ን ጎን ለጎን ተመልከቱ።

የመጀመሪያይቱ ታላቂቱ አንጾኪያ ናት። ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት በእርስዋ ነው (የሐዋ. 11፡26)። የተቆረቆረችው በዓሲ ወንዝ ዳር ነው። ይህ ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ ከሊባኖስ፣ ከበቃ ሸለቆ ነው፤ ሄርመል አካባቢ የምትሠሩ እህቶች ታውቁታላችሁ። ወደ ሰሜን ፈስሶ፣ ሶርያን አቋርጦ፣ በአንጾኪያ በኩል አልፎ ባሕር ይገባል። ከተማይቱ ዛሬ አንታክያ ትባላለች፤ በቱርክ ግዛት ውስጥ ናት። በየካቲት 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ፈርሳለች። ሁለተኛይቱ አንጾኪያ ደግሞ በዚያው በዛሬዋ ቱርክ፣ ከፊተኛይቱ በስተ ምዕራብ በጣም ርቃ በደጋው ላይ የነበረች ናት። ፍርስራሿ ያልቫች ከምትባል ከተማ አጠገብ ይገኛል።

ታዲያ ለሁለት ከተማ አንድ ስም ያወጣው ማን ነው?

የአባቱን ስም ያልረሳ ንጉሥ

ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት ሲሞት፣ የያዘውን ሰፊ አገር የጦር አለቆቹ ተከፋፈሉት። ከእነዚያ አንዱ ሴሌውቆስ ይባላል። የዛሬዎቹን ሶርያን፣ ኢራቅን፣ ኢራንንና ሌላም ብዙ አገር የገዛ ሰው ነው። ይህ ንጉሥ ከተማ መቆርቆር በጣም ይወድ ነበር። ታላቂቱን አንጾኪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ቆርቁሮ በአባቱ በአንጥዮኮስ ስም ጠራት። በዚያ ግን አላቆመም። አጵያን የሚባል የሮም ዘመን ታሪክ ጸሐፊ እንደ መዘገበው፣ ሴሌውቆስ 16 ከተሞችን በአባቱ ስም አንጾኪያ፣ 9ኙን በራሱ ስም ሴሌውቅያ፣ 5ቱን በእናቱ በሎዶቄ ስም ሎዶቅያ፣ 3ቱን ደግሞ በሚስቱ በአፓማ ስም አፓምያ አሰኝቷል። ለአባቱ 16፣ ለእናቱ 5! ፍርዱን ለእናንተ እንተወዋለን።

የጲስድያዋም አንጾኪያ የዚሁ ንጉሣዊ ቤት ሥራ ናት። እንግዲህ በዚህ ዓይን ምዕራፉን እንደገና አንብቡት። ሐዋርያቱ በአባት ስም ከተጠራች ከተማ ተነሡ፤ በልጁ ስም ከተጠራች ወደብ፣ ከሴሌውቅያ፣ መርከብ ተሳፈሩ (ቁጥር 4)፤ በመጨረሻም ሌላ አንጾኪያ ገቡ። በመንገዳቸው ሁሉ ከ300 ዓመት በፊት የሞቱ ነገሥታት ስም ይጠብቃቸው ነበር።

በራእይ 3፡14 የምትገኘው ሎዶቅያም እንዲሁ ናት። እርስዋን የሰየማት ከዚሁ ዘር የሆነ ሌላ ንጉሥ፣ ዳግማዊ አንጥዮኮስ ነው፤ ስሙ የሚስቱ ነበር። ኋላ ሚስቱን ፈታት፤ ስሟ ግን ከከተማይቱ ላይ አልተነሣም። በሶርያ ባሕር ዳር ያለችው ላታኪያ (ዓረቦች አል ላዚቂያ የሚሏት) ደግሞ ሴሌውቆስ በእናቱ ስም ከጠራቸው ከተሞች አንዷ ናት። ይህ ብቻ አይደለም፤ አሁን ብዙዎቻችን የምንኖርባት ቤይሩት ራሷ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ለጥቂት ጊዜ ሎዶቅያ ተብላ ነበር። ስሙ ግን አልጸናላትም፤ የቀድሞ ስሟ አሸነፈ።

በነገራችን ላይ፣ አሠሪዎቻችሁ ማሮናውያን ከሆኑ ፓትርያርካቸው «የአንጾኪያ ፓትርያርክ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ መቀመጫው ግን እዚህ ሊባኖስ በብከርኬ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክሶቹም፣ የመልካውያኑም፣ የሶርያ ኦርቶዶክሶቹም፣ የሶርያ ካቶሊኮቹም ፓትርያርኮች የሚጠሩት በዚያችው ከተማ ስም ነው። አምስቱም የሚሉት ታላቂቱን አንጾኪያ ነው። አንዳቸውም ግን ዛሬ በዚያ አይቀመጡም።

ዮርዳኖስ ላሉት እህቶቻችን ደግሞ ይህን እንጨምር። የምትኖሩባት አማን በጥንት ዘመን ፊልድልፍያ ትባል ነበር። ስሙን የሰጣት የግብጹ ንጉሥ ዳግማዊ በጥሊሞስ ነው። ፊላደልፎስ የማዕረግ ስሙ ነበረ፤ እኅቱን ወይም ወንድሙን የሚወድ ማለት ነው። ግን በራእይ 3፡7 የተጠቀሰችው ፊልድልፍያ አማን አይደለችም። እርስዋ በዛሬዋ ቱርክ አላሼሂር የምትባለው ናት፤ ስሟም የመጣው ከሌላ ንጉሥ፣ ወንድሙን ባለመክዳቱ በዚሁ ቅጽል ከተመሰገነው ከጴርጋሞን ንጉሥ ከዳግማዊ አታሎስ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1682፣ ዊልያም ፔን የሚባል እንግሊዛዊ በአሜሪካ ከተማ ሲቆረቁር ሰዎች እንደ ወንድማማች የሚዋደዱባት እንድትሆን ተመኝቶ ፊላደልፊያ አላት። ሦስት ፊልድልፍያ፣ ሦስት የተለያየ ምክንያት! አማን ግን ወደ ጥንተ ስሟ ተመልሳለች፤ በብሉይ ኪዳን የምናውቃቸው የአሞን ልጆች ስም ነው።

ሁለቱን ቂሣርያዎች (ማቴ. 16፡13 እና የሐዋ. 10፡1) ራሳችሁ ፈልጉና ልዩነታቸውን ተመልከቱ። ሁለቱም የተሰየሙት ለሮም ቄሣር ክብር ነው፤ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዷ በአርሞንኤም ተራራ ሥር።

ዓይን፣ ራስ፣ ቤት

የከተማ ስም ሁሉ ግን የንጉሥ ስም አይደለም። ብዙው ስም የወጣው እረኛና ገበሬ ያየውን ነገር በመጥራቱ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት አገር ምንጭ ካዩ ሁለቱም «ምንጭ» ይላሉ፤ ስማቸውን አንዱ ከሌላው አልሰረቀም።

በዓረብኛ «ዓይን» እንደ እኛው የሰው ዓይን ነው፤ የውኃ ምንጭም ነው። ስለዚህ በኤምሬትስ አል ዓይን የሚባል ትልቅ ከተማ አለ። በቤይሩት ዓይን ኤል መሬይሴ አለ፤ ዓይን ኤል ሩማኔ አለ። የኋለኛው የሮማን ምንጭ ማለት ነው፤ ፍሬውን እኛም ሮማን ነው የምንለው። «ራስ»ም እንደዚሁ ነው። ራስ ቤይሩት፣ ራስ በዓልቤክ፣ በኤምሬትስ ራስ አል ኸይማ፣ በሳዑዲ ራስ ታኑራ፣ በአገራችን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ዳሽን። ባሕር ዳር ያሉት ወደ ውኃው የገባ የመሬት አፍንጫ ስላላቸው ራስ ተባሉ፤ የእኛው የተራራ ራስ ነው። ዓረብኛ ስንማር ብዙ ቃል ቶሎ የሚገባን ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። አሠሪዋ «ራሴን አመመኝ» ስትል ያላስተረጎመች እህት ካለች ይህን ታውቃለች።

«ቤት» የሚለውን ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ስንት ጊዜ እናገኘዋለን! ቤተ ልሔም፣ ቤቴል፣ ቤተ ሳይዳ። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በዓረብኛ ግን ላሕም ሥጋ ስለሆነ፣ ዓረቦቹ ስሙን ሲሰሙ የሥጋ ቤት ይመስላቸዋል። በግእዝ ደግሞ ላሕም ላም ናት። አንዱ ቃል በዘመዳሞቹ ቋንቋዎች ዘንድ እንጀራም፣ ሥጋም፣ ላምም ሆኗል። ሁሉም የሚበላ ነገር ነው።

እንጀራ የሚገኝበት መንደር አንድ ብቻ ስላልሆነ ቤተ ልሔምም ሁለት ነበረች። አንዷ በዛብሎን ነገድ ርስት፣ በሰሜን በገሊላ (ኢያሱ 19፡15)። ሁለተኛይቱ የዳዊት ከተማ፣ በይሁዳ። ሚክያስ 5፡2ን ስታነቡ ነቢዩ ቤተ ልሔም ብሎ ብቻ እንዳላለፈ፣ ኤፍራታ ብሎ እንደ ጨመረ ልብ በሉ። ማቴዎስም በ2፡1 የይሁዳዋ መሆኗን ይገልጻል። ጌታችን ያደገባት ናዝሬት ያለችው በገሊላ ነው፤ የገሊላዋ ቤተ ልሔም ለናዝሬት በጣም ቅርብ ናት። ወንጌላዊው ባይለይልን ኖሮ «ለምን ያን ያህል ርቀው ሄዱ? እዚያው አጠገባቸው ያለችው አይደለችም ወይ?» የሚል ሰው በተገኘ ነበር። እንዲህ ያለችው አንዲት ቃል ትንቢቱን ሁሉ የተሸከመች ናት።

ቃና ዘገሊላም እንዲሁ ናት። ዮሐንስ ቃናን በጠራ ቁጥር «የገሊላ» ማለቱን አይተዋትም (2፡1፣ 11፤ 4፡46፤ 21፡2)። ለምን? ሌላ ቃና ስላለች ነው። ኢያሱ 19፡28 ላይ ከሲዶና ጋር አብራ የተጠራች ቃና አለች። ዛሬም በደቡብ ሊባኖስ ከጢሮስ ከተማ አጠገብ ቃና የምትባል መንደር አለች፤ ሰርጉ የተደረገው እዚህ ነው የሚሉ ሊባኖሳውያን ብዙ ናቸው። አሠሪዎቻችሁ እንዲህ ሲሉ ብትሰሙ አትከራከሩ፤ የአገራቸው ፍቅር ነው። ለእኔ ግን ዮሐንስ አራት ጊዜ የደጋገመው ቃል ይበልጥብኛል።

አዲስ ከተማ

አሁን ደግሞ ስም በመርከብ እንዴት እንደ ተጓዘ እንይ። ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከጢሮስ ነው፤ ዛሬ ሱር ከምንላት ከደቡብ ሊባኖሷ ከተማ።

የጢሮስ ሰዎች ነጋዴዎችና መርከበኞች ነበሩ። በጥንቱ ትውፊት መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ814 ዓመት በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቱኒዝያ፣ የስደተኞች ከተማ ቆረቆሩ። ስሟንም በቋንቋቸው ቀርት ሐደሽት አሏት፤ አዲስ ከተማ ማለት ነው። «ሐደሽት» የሚለው ቃል ከግእዙ «ሐዲስ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ሐዲስ ኪዳን የምንለው፣ አዲስ አበባ የምንለው ያው ነው! አውሮፓውያን ስሙን አጣመው ካርቴጅ አሉት። የካርቴጅ ሰዎች ደግሞ በተራቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ227 ዓመት ገደማ በስፔን ምድር ሌላ ከተማ ሠርተው ያንኑ አዲስ ከተማ የሚል ስም ሰጧት። ሮማውያን መጥተው ሲይዟት፣ ሁለቱ እንዳይምታቱባቸው «አዲሲቱ ካርቴጅ» አሏት። ስሙን ብንተረጉመው «አዲሲቱ አዲስ ከተማ» ይሆናል። ያቺ ከተማ ዛሬ ካርታሄና ትባላለች። በ1533 ደግሞ ስፔናውያን በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ፣ ሌላ ካርታሄና ቆረቆሩ። ከሱር የባሕር ዳር የተነሣች አንዲት ቃል ሦስት አህጉር ዞረች ማለት ነው።

ግሪኮችም ሲሰደዱ ያንኑ አደረጉ። በእነርሱ ቋንቋ አዲስ ከተማ ኔያፖሊስ ነው። የጣልያኗ ናፖሊ ይህች ናት። ጳውሎስ አውሮፓ ሲገባ የወረደባት ናጱሌ (የሐዋ. 16፡11) ይህች ናት። በፍልስጥኤም ያለችው ናብሉስም ይህችው ናት፤ ሮማውያን በ72 ዓመተ ምሕረት ግድም ጌታ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ከተነጋገረበት ጉድጓድ አቅራቢያ የሠሯት ናት። ዓረቦች «ጵ» የሚል ድምፅ ስለሌላቸው ኔያፖሊስ ናብሉስ ሆነች። ዜና ላይ ናብሉስ ሲባል የምትሰሙት ስም ከናፖሊ ጋር አንድ ነው ብሎ ማን ያስባል?

የአገራችን ናዝሬት፣ የአገራችን ሊባኖስ

እኛም ከዚህ ልማድ ውጭ አይደለንም። ላሊበላ የሄደች እህት በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚወርደው ወንዝ ዮርዳኖስ መባሉን ታውቃለች። ቤተ ልሔምም፣ ጎልጎታም፣ ደብረ ዘይትም እዚያው አሉ። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ለማይችል ሰው ኢየሩሳሌምን ወደ አገሩ ማምጣት ነበር። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም አለች። በጎንደር በኩል ደብረ ታቦር አለ። በአሜሪካም ሞራቭያውያን የሚባሉ ክርስቲያኖች በ1741 የገና ዋዜማ ሌሊት ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የቆረቆሯትን መንደር ቤተልሔም አሏት፤ በዚያው ክፍለ ሀገር ሊባኖስ የምትባልም ከተማ አለች።

ስለ ሊባኖስ ካነሣን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት በሸዋ የመሠረቱት ገዳም የመጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት። በኤርትራ ሽመዛና ደግሞ ከዚህ የቀደመ ሌላ ደብረ ሊባኖስ አለ፤ እርሱ ከጻድቁ ከአባ ሊባኖስ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን «ሊባኖስ» የሚለውን ስም እናንተ በአውሮፕላን ከመምጣታችሁ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ያውቁታል።

ይህ የስም ጉዳይ ግን አንዳንድ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። አዳማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት። ኋላ ሁለቱም ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። ሆኖም ብዙ እህቶች የትውልድ ቦታቸው በድሮው ስም የተጻፈ ፓስፖርት ይዘው መጥተዋል። አንዲት እህታችን ከዓመታት በፊት ወረቀቷን ለማሳደስ ሄዳ፣ ሠራተኛው የትውልድ ቦታ የሚለውን አንብቦ ቀና ብሎ አያት። «ናዝሬት? አንቺ ከእስራኤል ነሽ?» አላት። ሊባኖስ የእስራኤል ማኅተም ያለበትን ፓስፖርት እንኳ የማትቀበል አገር በመሆኗ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ዓረብኛዋ ገና ነበር፤ ስትደነግጥ ደግሞ ያችንም ጠፋባት። አለቃ ተጠራ፣ ሌላ ሰው ተጠራ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመች። በኋላ ለራሷ ጉዳይ የመጣች አንዲት የቆየች ሐበሻ ነገሩን ሰምታ ቀረበችና «ናዝሬት አዲስ አበባ አጠገብ ነው፤ ዛሬ አዳማ ይባላል፤ ንጉሡ ናቸው ስሙን የሰጡት» ብላ ተርጉማ አወጣቻት። የትውልድ ቦታሽ ናዝሬት የሆነ እህት፣ «ናዝሬት፣ ኢትዮጵያ፣ አሁን አዳማ» የሚለውን በዓረብኛ በቃልሽ ያዢው። አንድ ቀን ሊጠቅምሽ ይችላል።

መምሰል ብቻውን ዝምድና አይደለም

እስካሁን የጠቀስናቸው ስሞች የተመሳሰሉበት ምክንያት ነበራቸው። አንዳንዱ ግን ድንገት ነው። ኦማን ውስጥ ሱር የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ በዓረብኛ ስትጻፍ ከሊባኖሷ ሱር በአንድ ፊደል አትለይም። በዚህ የተነሣ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን ፊደል ስለ ገጠመ ብቻ ታሪክ መሥራት አልወድም። በሳዑዲ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው ጁበይልና የእኛዋ ጅበይልም በዓረብኛ አጻጻፋቸው በጣም ይመሳሰላል። የሳዑዲዋ ትንሽ ተራራ ማለት ናት። የሊባኖሷ ግን ከዓረብኛ በፊት የነበረው የጌባል ስም ነው (ሕዝ. 27፡9)። ሲዶናም ዛሬ ሰይዳ ትባላለች፤ በአልጄርያ ደግሞ ሰዒዳ የምትባል ከተማ አለች፤ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ፤ በዓረብኛ ግን ፊደላቸው ሌላ፣ ትርጉማቸው ሌላ ነው።

በአንድ አገር ውስጥም ይኸው አለ። ሐደስ የሚባል በቤይሩት ዳርቻ አለ፤ በሰሜን ተራራም አለ፤ በበዓልቤክ አካባቢም አለ። «ቡርጅ» ብላችሁ ብቻ ሰርቪስ ብትሳፈሩ ቡርጅ ሐሙድ ልትደርሱ ነው ያሰባችሁት፤ ሾፌሩ ግን ቡርጅ አል ባራጅኔ ሊያወርዳችሁ ይችላል። ቡርጅ ግንብ ነው፤ ግንብ ደግሞ በየቦታው አለ። ሙሉውን ስም ንገሩ።

ሁለቱ ትሪፖሊዎች

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረውን ነው። ትሪፖሊ በግሪክ ሦስት ከተማ ማለት ነው። የሊባኖሷ ትሪፖሊ እንዲህ የተባለችው ከጢሮስ፣ ከሲዶናና አርዋድ ከምትባለው ደሴት የመጡ ሰዎች በሦስት ሰፈር ተከፍለው ስለ ኖሩባት ነው። የሊብያዋ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ኦያ፣ ሳብራታና ሌፕቲስ ከሚባሉ ሦስት ከተሞች ነው፤ ዛሬ ትሪፖሊ የምንላት ኦያ የነበረችው ናት። ሁለቱንም ዓረቦች ጠራቡሉስ ይሏቸዋል። መለየት ሲፈልጉ የሊባኖሷን ጠራቡሉስ አሽ ሻም፣ የሊብያዋን ጠራቡሉስ አል ገርብ ይላሉ፤ ገርብ ምዕራብ ነው።

አንዲት የወሎ ልጅ ቤይሩት ትሠራ ነበር። አሠሪዎቿ ወደ ሰሜን፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ትሪፖሊ ቤታቸውን ሲያዛውሩ አብራ ሄደች። ለእናቷ በሰው እጅ በላከችው ደብዳቤ «አሁን ያለሁት ትሪፖሊ ነው፤ ደኅና ነኝ» ብላ ጻፈች። ይህ በ2011 መጀመሪያ ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ የሊብያ ጦርነት ተነሣ። ሬዲዮ ጠዋት ትሪፖሊ ይላል፣ ማታ ትሪፖሊ ይላል፤ ቦምብ ወደቀ ይላል፣ ስደተኞች ተገደሉ ይላል። እናት ልጃቸው ከቤይሩት ወደ ጦርነቱ የተሸጠች መሰላቸው። ልጅቷ ስልክ የሚፈቀድላት በሁለት ወር አንዴ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካርድ አልነበራትም። ነሐሴ ላይ ትሪፖሊ ተያዘች ተብሎ ሲነገር ጎረቤት ተሰብስቦ ከእናት ጋር ተቀመጠ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አለቀሱ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ አታውቅም። እርስዋ ያለችበት ከተማ በዚያን ሰሞን ሰላም ነበር፤ ምንጣፍ እያራገፈች ነበር።

እህቶች፣ ለቤተሰብ ስትጽፉም ሆነ ስትደውሉ የከተማችሁን ስም ከአገሩ ስም ጋር ንገሩ። በትንሽ ወረቀት ላይ አገሩን፣ ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ የሕንፃውን ስም (እዚህ አብዛኛው ቢናያ በባለቤቱ ስም ነው የሚጠራው)፣ ፎቁን፣ ከታች ያለውን ፋርማሲ ወይም ዳቦ ቤት ጻፉ። ዓረብኛ መጻፍ የማትችሉ፣ የመብራት ደረሰኝ ላይ ያለውን አድራሻ ፊደሉን እያያችሁ ቅዱት። አንዱን ቅጂ ለእናት ላኩ፤ አንዱን ለምታምኗት እህት ስጡ። ድንገት ለእርዳታ ስትደውሉ «ትሪፖሊ ነኝ» ወይም «ሐደስ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ የሚፈልጋችሁ ሰው የትኛው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የወሎዋ ልጅ በመስከረም ደወለች። እናት ድምፅዋን ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑም፤ የሙት ድምፅ መሰላቸው። ካለቀሱ በኋላ «ልጄ፣ ከዚያ ከጦርነቱ እንዴት ወጣሽ?» አሏት። «የምን ጦርነት እማዬ? እኔ ያለሁት ሊባኖስ ነው። ትሪፖሊ ሁለት ነው» አለቻቸው። እናት ዝም ብለው ቆዩና «የትኛው ሊባኖስ? የደብረ ሊባኖሱ?» ብለው ጠየቁ። «አዎ እማዬ፣ የደብረ ሊባኖሱ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ትሪፖሊ በተባለ ቁጥር «እሱ ሌላው ነው» የሚሉት እሳቸው ናቸው።